ላፕቶፑ መቼ ተከፈተ?

ወጣት የሶፍትዌር መሥራቾች ሥራቸውን በሚያሳዩበት አዳራሽ ሁሉ አንድ የሚያናድደኝ ጭብጨባ አለ። ልጁ ይነሣል፣ ፕሮጀክተሩ ይበራል፣ ስላይዱ ያምራል፣ አንደበቱም ይጣፍጣል። ሲጨርስ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው «ይሄ ልጅ ሽያጭ ያውቅበታል» ይለኛል። አያውቅበትም። ያወቀበት ንግግር ነው። ንግግርን ከሽያጭ መለየት የማይችል ባለሀብት ገንዘቡን ይከስራል፤ መለየት የማይችል መሥራች ደግሞ የወጣትነት ዓመታቱን።

መሠረታዊውን ነገር አልፈዋለሁ። በቀጠሮ ሰዓት መድረስ፣ ዋጋን ሳይሽኮረመሙ መናገር፣ ፕሮፎርማው ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተቱን ወይም አለመካተቱን ለይቶ መጻፍ፣ የሚሸጡትን ዕቃ ማወቅ፤ እነዚህን ለመማር ጽሑፍ የሚያስፈልገው ሰው ገና ከቤቱ ባይወጣ ይሻላል።

እኔ የሽያጭን ሥራ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ላፕቶፑ መቼ ተከፈተ? ሰላምታው እንዳበቃ ከተከፈተ የቀረውን ማየት አያስፈልገኝም፤ ሥራው ተበላሽቷል።

አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ዘንድ ከአንድ ጎበዝ ፕሮግራመር ጋር ሄጄ ነበር። የሠራው የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በእውነት ጥሩ ነው። ሴትዮዋ «ግቡ ልጆቼ፣ ተቀመጡ» እንዳሉን ልጁ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ስለ ዳሽቦርዱ፣ ስለ ሪፖርቱ፣ መረጃው ክላውድ ላይ ስለመቀመጡ አወራ። ከሴትዮዋ ክርን አጠገብ ጠርዙ የተበላ ትልቅ ደብተር ነበር፤ አንዳንዱ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ቀዩ ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ማን እንደሚጽፈው፣ በየስንት ጊዜው እንደሚታይ፣ ጸሐፊዋ ስትቀር ምን እንደሚደረግ አልጠየቀም። ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰምተው «በጣም ቆንጆ ነው፤ እንግዲህ እንደዋወላለን» አሉ። ልጁ ደስ ብሎት ወጣ። እኔ ግን የሚደውል ሰው እንደሌለ አውቄ ነበር። በእኛ አገር ጨዋ ሰው እንግዳን ፊት ለፊት «አልፈልግም» ብሎ አያሳፍርም፤ ምስጋና ሰጥቶ ይሸኛል። ቀን ያልተቆረጠለት፣ የሰው ስም ያልተጠራበት፣ ገንዘብ ያልተነሣበት ምስጋና መሸኛ ብቻ ነው።

ቴክኒክ የተማረ ሰው ለምን እዚህ ስህተት ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ። ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ ጥያቄው ተጽፎ ይሰጠው ነበር፤ ነጥብ የሚያገኘው በመልሱ ነው። ሲቀጠርም ሊሠራ የሚገባው ነገር በሰነድ ይመጣለታል። ስለዚህ መልሱን ይዞ መሮጥ ለምዷል። በሽያጭ ላይ ግን ጥያቄው ያለው በደንበኛው ደብተር ውስጥ ነው፤ ደንበኛው ራሱ እንኳ አዘጋጅቶ አላስቀመጠውም። ሄዶ የሚያወጣው ሻጩ ነው። ይህን ሳያደርግ ሶፍትዌሩን የሚያሳይ ሰው በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው።

መጠየቅም ቢሆን ደረጃ አለው። «ችግራችሁ ምንድን ነው?» የሚል ሰነፍ ነው፤ ሥራውን በደንበኛው ትከሻ ላይ ጣለው። «እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ቢኖር ትጠቀሙበት ነበር?» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው፤ «አዎ» ማለት ምንም አያስከፍልምና ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። ሮብ ፊትዝፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው «ዘ ማም ቴስት» የተባለ መጽሐፉ አጥብቆ የሚመክረው ይህንኑ ነው፦ ስለሚሆነው ሳይሆን ስለሆነው ጠይቁ። «ባለፈው ወር የአገልግሎት ዘመኑ አልፎ ከመደርደሪያ የወረደ መድኃኒት ነበር? መጀመሪያ ያየው ማን ነው? ስንት ብር ወጣበት? ሰኔ 30 ቆጠራ ሲደረግ ሱቁ ስንት ቀን ተዘጋ?» እንዲህ የተጠየቀ ሰው ትዝታውን ይናገራል፤ ትዝታ ውስጥ ደግሞ የብር መጠን፣ የሰው ስምና የተናደዱበት ቀን አለ።

ይህ የእኔ ጠባይ ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ኒል ራክሃም ከባልደረቦቹ ጋር በ12 ዓመት ውስጥ 35,000 የሽያጭ ግንኙነቶችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1988 «ስፒን ሴሊንግ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። ያገኘው ነገር በተሳካው ሽያጭ ብዙ የሚያወራው ገዢው፣ ብዙ የሚጠይቀው ሻጩ መሆኑን ነው። የዕቃውን ባህሪያት እየዘረዘሩ መሄድ ደግሞ ገዢው ስለ ዋጋ እንዲሠጋ ያደርገዋል፤ ያልጠየቀውን ነገር ሁሉ እየከፈለበት ያለ ይመስለዋልና።

ከሁሉም የምወደው ምሳሌ የአፕል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ስቲቭ ቮዝኒያክ የሠራው ሰሌዳ ክፍሎቹን ራሳቸው መበየድ ለሚችሉ የኤሌክትሮኒክስ አፍቃሪዎች የታሰበ ነበር። የባይት ሾፕ ሱቅ ባለቤት ፖል ቴሬል ግን እሱ የሚፈልገው ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር መሆኑን ለስቲቭ ጆብስ ነገረው፤ ከመጣለት 50ውን፣ እያንዳንዱን በ500 ዶላር ሒሳብ፣ ሊወስድ ተስማማ። ጆብስ በባዶው ሰሌዳ ጥራት ሲከራከር አልዋለም። የገዢውን ቃል ይዞ ሄደና የሚሸጠውን ዕቃ ቀየረ። አፕል የጀመረው ሰምቶ በመሸጥ ነው።

ተከራካሪዎቼ ሁልጊዜ ስትራይፕ የተባለውን የኢንተርኔት ክፍያ ኩባንያ የመሠረቱትን ወንድማማቾች ያነሡብኛል። ፖል ግራሃም እ.ኤ.አ. በ2013 እንደጻፈው ፓትሪክና ጆን ኮሊሰን አንድ ሰው አገልግሎታቸውን ለመሞከር እሺ ሲላቸው «ሊንክ እንልክልሃለን» ብለው አይለዩትም፤ እዚያው ላፕቶፑን ተቀብለው ይገጥሙለት ነበር። «እነሱስ ወዲያው ከፈቱ አይደለም?» ይሉኛል። በደንብ እንይ። የተከፈተው የገዢው ላፕቶፕ ነው፤ የተከፈተውም እሺ ካለ በኋላ ነው። ሽያጩ አልቆ ነበር። እኔን ከመቃወም ይልቅ ያጸኑኛል።

ስለ ሽያጭ የማውቀውን ያስተማሩኝ ኮምፒውተር የማያውቁ ሰዎች ናቸው። መርካቶ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና የሚሸጡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ልብስ ሰፊው ገብቶ የኤሌክትሪኩን አሳዩኝ ሲል እሳቸው ወንበር ይስቡለታል። «ተቀመጥ ልጄ። ምንድን ነው የምትሰፋው? ሥራህ በረንዳ ላይ ነው ወይስ ቤት ውስጥ? መብራት በሳምንት ስንቴ ይጠፋባችኋል?» ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሰውዬው በእግር የሚሠራውን፣ ርካሹን ሲንገር ይዞ ይወጣ ነበር። በዓመቱ ግን ወንድሙንና ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል። እሳቸው ሳይጠይቁ ካርቶን ሲከፍቱ አይቼ አላውቅም።

የመድኃኒት አስመጪ ወኪል የነበረች አንዲት ሴትም አውቃለሁ። ናሙና የሞላበት ቦርሳዋን እግሯ ሥር ታደርግና «ባለፈው ወር ደንበኛ ጠይቆህ የለም ያልከው ምንድን ነው?» ብላ ትጀምራለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ያ ዝምታ የሥራው ግማሽ ነው። የዛሬ መሥራቾች ዝምታን ይፈሩታል፤ ደንበኛው ሊያስብ አፍታ ሲያቆም አንድ ተጨማሪ ፊቸር ይነግሩታል። እሷ ግን ትጠብቅ ነበር፤ ባለ መድኃኒት ቤቱም የመጀመሪያውን የይስሙላ መልስ ከጨረሰ በኋላ እውነተኛውን ይነግራት ነበር። ቦርሳዋ የሚከፈተው ያን ጊዜ ነው፤ የሚወጣውም አንድ ዕቃ ብቻ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች የወሰድኩት ደንብ ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ላፕቶፕ አይወሰድም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። በሁለተኛው የሚታየው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱም ደንበኛው በራሱ አፍ ያማረረበትን ጉዳይ የሚመልስ። ለመጀመሪያዎቹ ደንበኞች መሥራቹ ራሱ ይሸጥላቸዋል፤ ሻጭ ቀጥሮ መሸሽ የለም። ከቀጠሮ ሲወጣ ደግሞ ቀጣዩ ቀንና የሚፈርመው ሰው ስም እጁ ላይ ከሌለ «ጥሩ ስብሰባ ነበር» ማለት ክልክል ነው።

የሌላን ሰው ሥራ ለመመዘን ለሚፈልግ አንድ ፈተና ልስጥ። መሥራቹ ከስብሰባ ሲወጣ በሩ ላይ ያዙትና «ሰውዬው ዛሬ ሥራውን የሚሠራው እንዴት ነው?» በሉት። ስለ ራሱ ሶፍትዌር ማውራት ከጀመረ አልሸጠም። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ቀዩ መስመር፣ ስለ ሰኔ ቆጠራ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ስለያዘችው የሒሳብ ሠራተኛ ከነገራችሁ ግን፣ ውሉ ዛሬ ባይፈረምም ሥራው ጥሩ ሥራ ነው። ለእሱ አጨብጭቡለት፤ ለሌላው እጃችሁን ሰብስቡ።