መከራና ዜማ በዓሊ ቢራ የጥበብ ሕይወት
ኤዲት ፒያፍ (1915–1963 እ.ኤ.አ.) ከፓሪስ ጎዳናዎች ተነሥታ ስትገን፣ ድምፅዋን የመከራዋ ፍሬ ብቻ አድርገው ያዩ ጸሐፍት ብዙዎች ናቸው። የዓሊ ቢራም ታሪክ ለዚሁ አተረጓጎም የተጋለጠ ነው። በድሬዳዋ የተወለደው ዓሊ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ተለያዩ። በአፍራን ቀሎ የኪነት ቡድን ውስጥ «ብራ ዳ በርኤ»ን ዘፍኖ ስሙን ከዘፈኑ አገኘ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቡድኑን ካገደ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የክቡር ዘበኛን የሙዚቃ ክፍል ተቀላቀለ።

ይሁን እንጂ የተቸገረ ሁሉ ድምፃዊ አይሆንም። ዓሊን ያገነነው ዑድንና ጊታርን በትጋት መያዙ፣ የኦሮምኛን ዜማ ከዘመናዊው መሣሪያ ጋር ማዋሐዱ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢያርፍም፣ ከጭሮ እስከ ገለምሶ ዜማው ይሰማል። በእነዚህ ከተሞች ወጣቶችን የሚያሠለጥን መምህር እንግልቱን ከመተረክ አልፎ የዜማውን አሠራር ሊያስተምር ይገባዋል።