ያልታረመው ቁጥር

አውሮራ፣ ኮሎራዶ። አንድ ወጣት ሁለት ወረቀት ይዞ ጋራዥ ገባ። የአንደኛው ዳይኖ (የመኪና ጉልበት መለኪያ) ወረቀት ቱርቦ ያለውን ሱባሩውን 290 የፈረስ ጉልበት ይለዋል፤ የሌላኛው 232። በሁለቱ ልኬት መካከል ከመኪናው ላይ አንድ ብሎን እንኳ አልተፈታም። «ጋሼ፣ የዋሸኝ የትኛው ነው?»

የተጠየቁት ሰው መካኒክነትን አዲስ አበባ ጀምረው አሜሪካ ውስጥ እንጀራቸውን በዳይኖ ያገኙ ናቸው። ጎማው ስለሚሽከረከርበት ሮለርም መኪናውን ስለሚይዘው ማሰሪያም ከማንሳታቸው በፊት ጣታቸው የሄደው በመጀመሪያው ወረቀት ግርጌ በደቃቅ ፊደል ወደታተመች ቁጥር ነበር፦ 1.22።

የአየር ማረሚያ ናት። ኤስኤኢ ጄ1349 የሚባለው የአሜሪካ ደንብ፣ ሞተሩ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ99 ኪሎፓስካል ደረቅ አየር ቢለካ ምን ያህል ያወጣ እንደነበር ያሰላል። ዴንቨርና አውሮራ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ግድም ከፍ ስለሚሉ የአየሩ ግፊት 83 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ ኮምፒዩተሩም የተለካውን በ1.22 ያባዛል። አየር በራሱ ለሚስብ ሞተር ይህ ተገቢ ነው፤ የሳሳው አየር የነጠቀውን ይመልስለታል። ቱርቦ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ግፊቱን በኮምፒዩተር የሚቆጣጠር ቱርቦ አየሩ ሲሳሳ ይበልጥ ፈጥኖ እየተሽከረከረ የጎደለውን አብዛኛውን ይሞላል። ለእንዲህ ያለው ሞተር 22 በመቶ መጨመር መንገድ ላይ የሌለ ጉልበት ወረቀት ላይ መፍጠር ነው። 290 ለ1.22 ሲካፈል 238 ይመጣል። ሁለተኛው ወረቀት ያልታረመ ነበርና፣ ወጣቱን እንቅልፍ የነሳው የ58 ልዩነት ወደ 6 ወረደ።

ጋሼ በዚህ ጉዳይ አይደራደሩም። ከእሳቸው ጋራዥ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ ያልታረመውን ቁጥር ያሳያል፤ የታረመው ቢፈለግ ከጎኑ ይጻፋል፤ የዕለቱ ሙቀትና የአየር ግፊትም አብረው ይሰፍራሉ። ሌሎች ባለሙያዎች ይሟገቷቸዋል፦ ያለ ማረሚያ የጥር ብርድና የሐምሌ ሙቀት እንዴት ይነጻጸራል? እሳቸውም ይህን ይቀበላሉ፤ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የጥቂት በመቶ የአየር ለውጥን ማስተካከል ደንቡ የተሠራበት ሥራ ነው። ተራራን የሚያክል ክፍተት በአንድ ማባዣ መድፈን ግን አይዋጥላቸውም። አዲስ አበባን ምሳሌ ያደርጋሉ። በ2,350 ሜትር ግድም ከፍታ ያው ስሌት 1.35 አካባቢ ይሰጣል፤ ሮለሩ ላይ 100 ያወጣ መኪና 135 ተብሎ ይታተማል ማለት ነው። ሠላሳ አምስቱ ጎማ ነክተው አያውቁም።

የቀሩት 6 የመሣሪያው ናቸው፤ እዚህም ጭቅጭቁ ብዙ ነው። የቀድሞው ዓይነት ዳይኖጄት ክብደቱ የታወቀ ከበሮ ዙሩን በምን ያህል ፍጥነት እንደጨመረ አይቶ ጉልበቱን ያሰላል። መስታንግ ዳይኖ ሮለሩን በኤሌክትሪክ ፍሬን ይይዛል፤ የመኪናውን ክብደትና የነፋሱን ግፊትም አስመስሎ ይጭናል። ዳይናፓክ ጎማውን አስወልቆ ሞዞው ላይ ስለሚታሰር የጎማ መንሸራተት የሚባል ነገር አያውቅም። በከበሮው ዳይኖ ላይ ከባድ ቸርኬ በቀላል ቢቀየር፣ ሞተሩ ሳይነካ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ቸርኬውን ለማፍጠን የሚጠፋው ጉልበት ቀንሷልና። ዙሩ በፍሬን ተይዞ ሲለካ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ማሰሪያው ሲጠብቅ፣ የጎማው ንፋስ ሲጎድል፣ በአራተኛ ማርሽ ፈንታ በሦስተኛ ሲለካ፣ በእያንዳንዱ ቁጥሩ ይነቃነቃል። ለዚህ ነው የመስታንግን ልኬት በአንድ ቁጥር አባዝቶ «የዳይኖጄት» ማድረግ ይቻላል የሚለውን ወሬ ጋሼ ከጋራዣቸው ያባረሩት።

ከሁሉ የሚያስቆጣቸው ደግሞ «15 በመቶ ካምቢዮ ይበላዋል» የሚለው ነው። ጎማው ላይ በተለካው ላይ 15 በመቶ ጨምሮ የሞተሩን ጉልበት ማወጅ በየጋራዡ የተለመደ ነው። 200 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 30ውን በካምቢዮና በዲፈረንሻል አጣ እንበል። ያው መኪና ተሻሽሎ 400 ቢያወጣ፣ ያው ካምቢዮ 60 ይበላል? የተጨመረው 30 የፈረስ ጉልበት ከ22 ኪሎዋት በላይ ሙቀት ነው፤ የት ሄደ ታዲያ? ከብክነቱ ከፊሉ በጭነት ያድጋል፤ ከፊሉ የዘይቱና የዙሩ ፍጥነት ጉዳይ ሆኖ ሞተሩ ቢጎለብትም ያን ያህል አይለወጥም። የጀርመኑ ማሃ ዳይኖ ቢያንስ ፍሪሲዮን ተረግጦ ሮለሩ በራሱ ሲቆም ብክነቱን ይለካል። ይህም ጥርሶቹ ጭነት ላይ ሲሆኑ የሚጠፋውን ሁሉ አያይም፤ ከግምት ግን ይሻላል።

በፋብሪካ ቁጥርም ላይ እንዲሁ ናቸው። የካዲላክ ኤልዶራዶ 8.2 ሊትር ሞተር በ1971 365 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተሸጠ፤ በ1972 ደግሞ 235። ሞተሩ አልደከመም፤ ከመኪና ውጭ ተራቁቶ መለካቱ ቀርቶ ከነማራገቢያው፣ ከነጭስ ማውጫው መለካት ስለተጀመረ ነው። ፎርድ የ1999ውን መስታንግ ኮብራ 320 ሲለው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። ገዢዎቹ መኪናውን ዳይኖ ላይ አወጡት፣ ጉድለቱ ታየ፤ ኩባንያውም ሽያጩን አቁሞ የተሸጡትን ጠርቶ አስተካከለ። ጋሼ ይህን ታሪክ ለተለማማጆቻቸው ደጋግመው ያወሩታል። ኮብራን ከቀደመው ዓመት ኮብራ ጋር በአንድ ዳይኖ፣ በአንድ ቀን ቢያስቀምጡት፣ ማረሚያውም የመቶኛ ግምቱም ሳያስፈልግ እውነቱ ይወጣል።

ነገሩን እንዲህ አጥብቀው የያዙት በምክንያት ነው። አዲስ አበባ በተለማማጅነታቸው ዘመን የሞተር ጤና የሚፈተነው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ በመንዳት ነበር፤ ባለቤቱና መካኒኩ ሲከራከሩ የሚረታው በዕድሜ የገፋው ወይም ድምፁ ከፍ ያለው ነው። አሜሪካ ሲመጡ እንግሊዝኛቸው ከደንበኛ ጋር ለመሟገት አይበቃም ነበር። ከጥገና በፊትና በኋላ በአንድ ማርሽ፣ በአንድ የጎማ ንፋስ የተለኩ ሁለት መስመሮች በአንድ ወረቀት ላይ ሲታተሙ ግን ሙግቱ አለቀ፤ ሰው ሥራቸውን አመነ፣ ክፍያውም ያለ ንትርክ መጣ። በዚያ ወረቀት ላይ የሌለ ጉልበት ሲታከል እንደ ስድብ የሚያዩት ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ዘመድ ደውሎ የትኛውን መኪና ልግዛ ሲላቸው የሚያስቀድሙት ጥያቄ «ቱርቦ አለው?» የሚል ነበር፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ ካታሎጉ ከሚለው ሩቡን ገደማ ያጣልና። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የሚጠየቁት ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ እንጦጦ ጫፍ ላይም ሆነ ባሕር ዳርቻ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንስበትም። የዳይኖው ኮምፒዩተር ግን ካልተነገረው ይህን አያውቅም፤ ማረሚያው ሳይጠፋ ቢለካ አውሮራ ላይ 22 በመቶ፣ አዲስ አበባ ላይ 35 በመቶ ይጨምርለታል። ጋሼ የኤሌክትሪክ መኪና ሮለሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት ማረሚያውን 1.00 ላይ ያስሩና ከሙቀቱና ከግፊቱ ጎን አዲስ መስመር ያሰፍራሉ፦ ባትሪው ስንት በመቶ እንደተሞላና ምን ያህል እንደሞቀ።