የክረምት ቡድን ግንባታ በደሴና በኮምቦልቻ

በኢትዮጵያ እግር ኳስ «ዝውውር» የሚባለው ሥራ ለሕዝብ የሚታየው በፍጻሜው፣ ማለትም አዲሱ ተጫዋች ማልያ ይዞ ከክለቡ ሥራ አስኪያጅ ጎን ፎቶግራፍ በሚነሣበት ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ማን እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚሰናበት፣ ከተስፋ ቡድኑ ማን እንደሚያድግና ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ክፍተት የቱ እንደሆነ በቅደም ተከተል ካልተወሰነ፣ ክለቡ የሚያስፈርመው ወኪል ያቀረበለትን ተጫዋች ይሆናል። ይህ ለማንኛውም ክለብ ቢሠራም ይበልጥ የሚከብደው በጀታቸው ውስን በሆነ ክለቦች ላይ ነው፤ ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው እርከን፣ በከፍተኛ ሊግ፣ የተጫወቱት ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻም ከእነዚህ መካከል ናቸው። በእነዚህ ክለቦች አንድ የተሳሳተ ፊርማ የሚያስከትለው ጉዳት ትልቅ ክለብ ከሚደርስበት እጅግ ይልቃል፤ ስለዚህ የክረምቱ ሥራ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚገባው እዚሁ ነው።

በሰሜን አሜሪካ ሊጎች ዘንድ የደካማ ክለቦችን ችግር ለማቃለል «ድራፍት» የሚባል ሥርዓት ተዘርግቷል፤ ይኸውም ወደ ሊጉ የሚገቡ አዳዲስ ወጣቶችን ክለቦች በየተራ የሚመርጡበት፣ ባለፈው የውድድር ዘመን በመጨረሻ ደረጃ ያጠናቀቀው ክለብም ቀድሞ የሚመርጥበት አሠራር ነው። የአሜሪካን ፉትቦል ብሔራዊ ሊግ ይህን ሥርዓት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ የእግር ኳሱ ሜጀር ሊግ ሶከርም በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን ለመከፋፈል ሲጠቀምበት ቆይቷል። በድሬዳዋ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገውና በ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ለኢትዮጵያ የተሰለፈው ፉአድ ኢብራሂም፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመቱ በ2007 (እ.ኤ.አ.) በኤፍሲ ዳላስ የተመረጠው በዚሁ መንገድ ነበር። በኢትዮጵያ ግን ለደካማው ቅድሚያ የሚሰጥ ተራ የለም፤ ቀድሞ የሚመርጠው ብዙ የሚከፍለው ነው። ታዲያ የደሴና የኮምቦልቻ ክለቦች ተራ ሊሆናቸው የሚችለው ቅርበት ብቻ ነው፤ በሁለቱ ከተሞች ትምህርት ቤቶች፣ በየሠፈሩ ሜዳዎች፣ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ባለው በወሎ ዩኒቨርሲቲና በዙሪያ ወረዳዎች የሚጫወተውን ልጅ ከአዲስ አበባ ክለብ ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድሞ ማወቅ ይቻላል፤ ይህ ዕድል ግን የሚሠራው ምልከታው ተጽፎ ከተቀመጠ ነው። በአንድ አሠልጣኝ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ የታዳጊዎች ዕውቀት አሠልጣኙ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል።

በድራፍት ዙሪያ አሜሪካውያን ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ እዚህም ይጠቅማል፤ ጥያቄውም ተራ ሲደርስ ከቀሩት መካከል ምርጡን ተጫዋች መውሰድ ይሻላል ወይስ ቡድኑ የጎደለውን ቦታ መሙላት የሚል ነው። ለወሎ ክለቦች መልሱ በዕድሜ የሚለያይ ይመስላል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቦታው ገና ስላልጸና፣ ዛሬ በመስመር አጥቂነት የታየው ነገ የመስመር ተከላካይ ሊሆን ስለሚችል፣ በታዳጊ ምልመላ ቦታ ሳይመረጥ ምርጡን መውሰድ ይገባል፤ የሃያ ስምንት ዓመት ተጫዋች ግን ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት የሚፈርመው አንድ የታወቀ ሥራ ሊሠራ ስለሆነ፣ ክፍተቱ በግልጽ ሳይጻፍ እርሱን ማስፈረም ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙ ክለቦች የሚያደርጉት ይህን ገልብጠው ነው፤ ታዳጊውን «ግብ ጠባቂ አለን» ብለው ይመልሱታል፣ ስመ ጥሩን አንጋፋ ግን የት እንደሚሰለፍ ሳይወስኑ ያስፈርሙታል።

የሥራው ዋና መሣሪያ የውል ሰሌዳ ነው። ይህ በአንድ ወገን የጨዋታ ቦታዎችን፣ በሌላ ወገን ውሉ የሚያበቃበትን ዓመት የያዘ፣ በየሳጥኑም የተጫዋቹን ስም፣ ዕድሜና ወርሃዊ ወጪ የሚያሳይ ቀላል ሠንጠረዥ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ በትክክል ሲሞላ የክለቡን ሕመም ወዲያው ያሳያል፤ ሁሉም ስሞች በአንድ ዓመት ሥር ተሰብስበው ከተገኙ ክለቡ በየክረምቱ ከዜሮ የሚጀምር ክለብ ነው ማለት ነው። ሃያ አምስት ተጫዋቾች ያሉት ቡድን ውሎቹን ቢያፈራርቅ፣ በየዓመቱ የሚያበቃው የስምንት ወይም የዘጠኝ ተጫዋች ውል ብቻ ይሆናል፤ ይህም ማለት ድርድሩ በስምንት ወይም በዘጠኝ ሰው ላይ ያተኩራል፣ የቀሩት አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባትም እርስ በርስ ተላምደው ዝግጅት ይጀምራሉ። በተግባር ግን አዲስ አሠልጣኝ በመጣ ቁጥር «የራሱን ልጆች» ይዞ የመምጣት ልማድ ስላለ ሰሌዳው በየዓመቱ ይደመሰሳል። አሠልጣኝ የሚያምናቸውን ሁለት ወይም ሦስት ተጫዋቾች ማምጣቱ ተገቢ ነው፤ የቡድኑ ግማሽ ከእርሱ ጋር መጥቶ ከእርሱ ጋር የሚሄድ ከሆነ ግን ክለቡ ማልያውን ለአንድ ዓመት ያከራየ ያህል ነው። ሰሌዳው የክለቡ ሀብት ሆኖ በቴክኒክ ዳይሬክተር ወይም በቋሚ ኮሚቴ እጅ እንዲቆይ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህን ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ የገባው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2011 ዓ.ም. በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት ሁለተኛ ሆኖ ሲያጠናቅቅ፣ በ2013 ዓ.ም. በሥዩም ከበደ እየተመራ ሻምፒዮን ሆነ፤ አሠልጣኙ ቢለወጥም እንደ ያሬድ ባየህ፣ ሱራፌል ዳኛቸውና ሙጂብ ቃሲም ያሉት የቡድኑ አከርካሪዎች በሁለቱም ጊዜ ነበሩ። በሌላ በኩል በሰሜን ወሎ የወልድያ ከተማ በጥር 2009 ዓ.ም. በሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመ ዘመናዊ ስታዲየም ቢያገኝም፣ ክለቡ በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ስታዲየም ለከተማ ታላቅ ጸጋ ነው፤ የቡድን ቀጣይነት ግን በሌላ ዓይነት ሥራ የሚመጣ ነው።

ሰሌዳው ከተሞላ በኋላ የጊዜ ጉዳይ ይመጣል፤ የክለቦቹ አስተዳደር በብዛት የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። የከተማ ክለቦች ዋና ገቢ ከከተማ አስተዳደር በጀት የሚገኝ በመሆኑ፣ በጀት ዓመቱ ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ስለ ተጫዋች ማሰብ የሚጀመረው ገንዘቡ ሲጸድቅ ነው። ነገር ግን የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ ውሉ ሊያበቃ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር መዋዋል እንዲችል ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ውሉ ሰኔ 30 የሚያበቃ ጥሩ አማካይ ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ ከማንም ጋር መነጋገር ይችላል። ክለቡ በሐምሌ «ውል እናራዝም» ብሎ ሲጠራው ልጁ ልቡ ከሸፈተ ስድስት ወር አልፎታል። እንግዲህ ማን ይቆያል የሚለው ውሳኔ የኅዳርና የታኅሣሥ ሥራ ሊሆን ይገባል፤ ለዚህም የከተማው ምክር ቤት ገና ያላጸደቀውን ገንዘብ ማውጣት አይጠበቅም፤ የሚቀጥለው ዓመት በጀት ዝቅተኛ ግምት ላይ ተመሥርቶ ለአምስት ወይም ለስድስት ቁልፍ ተጫዋቾች ብቻ ቀድሞ ቃል መግባት ይበቃል።

የክፍያው ስሌት ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው የነበረ ቢሆንም፣ ጣሪያው በፊርማ ክፍያና በሌሎች መንገዶች ሲታለፍ መቆየቱ የአደባባይ ምስጢር ነው። ከጣሪያው ይልቅ ትናንሽ ክለቦችን የሚጎዳው «የተጣራ» የሚለው ቃል ነው። ተጫዋቾች የሚደራደሩት እጃቸው ላይ በሚደርሰው ገንዘብ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ይሠራ በነበረው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት 50,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ከግብር በኋላ 34,000 ብር ይሆን ነበር፤ በተቃራኒው ለተጫዋቹ 50,000 ብር የተጣራ ለመክፈል ክለቡ ወደ 74,600 ብር ማውጣት ነበረበት። በስብሰባ ላይ «ሃምሳ ሺህ» ተብሎ የጸደቀ ውል በመዝገብ ላይ ግማሽ ያህል ጨምሮ ሲገኝ፣ በየካቲትና በመጋቢት ደመወዝ መዘግየት ይጀምራል። የደመወዝ መዘግየት ደግሞ የቡድን መፍረስ ነው፤ በፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች የአሥራ አምስት ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ፣ ክፍያው ካልተፈጸመ ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። ደመወዙን ጠብቆ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ወጣት በዚህ ሊወቀስ አይገባም፤ የማይከፈል ገንዘብ ቃል መግባት የዕቅድ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሰውን መበደል ነው።

ከታዳጊ ምልመላ ጋር የተያያዘው የሰነድ ሥራ በአብዛኛው ችላ ይባላል፤ ሆኖም ለወሎ ክለቦች የወደፊት ገቢ በር ሊሆን የሚችል ነው። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር፣ ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል፤ ይህ «የትብብር ክፍያ» የሚባለው ሲሆን፣ ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ይታሰባል። በኮምቦልቻ ከ14 እስከ 18 ዓመቱ ድረስ ለአምስት ዓመታት የተመዘገበ ልጅ አንድ ቀን በ200,000 ዶላር ቢሸጥ፣ ያሳደገው ክለብ ድርሻ 2 በመቶ፣ ማለትም 4,000 ዶላር ይሆናል። ይህ ለብዙ ታዳጊዎች ጫማና ኳስ የሚገዛ ገንዘብ ነው፤ የሚገኘው ግን ልጁ በየዓመቱ በፌዴሬሽኑ በትክክል ተመዝግቦ ቴሴራ ከወጣለት ብቻ ነው፤ ቴሴራ ተጫዋቹ የየትኛው ክለብ እንደሆነ የሚያረጋግጥ መታወቂያ ነው።

የዕድሜ ማስረጃም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ የገጠር ልጆች አብዛኞቹ በተወለዱበት ጊዜ የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። ፊፋ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች በሆኑ ውድድሮች የእጅ አንጓን አጥንት በኤምአርአይ እየመረመረ ዕድሜን ስለሚያጣራ፣ ሁለት ዓመት የተቀነሰለት ልጅ በብሔራዊ ቡድን ደጃፍ ላይ ይመለሳል፤ ክለቡም ሲያሳድገው የኖረውን ተጫዋች ያጣል። የትምህርት ቤት የመመዝገቢያ መዝገብ፣ የክርስትና ወይም የጤና ጣቢያ የክትባት ካርድ ልጁ ሲመለመል ወዲያው መሰብሰብ አለበት፤ ቅጂውም ከከተማው ውጭ ቢቀመጥ መልካም ነው። ከጥቅምት እስከ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ በቆዩባቸው ሳምንታት የደረሰው የንብረት ውድመት፣ በአንድ ቢሮ መሳቢያ ብቻ የተቀመጠ መዝገብ ምን ያህል አስተማማኝ እንዳልሆነ አሳይቷል።

የሁለቱ ከተሞች አቀማመጥ በማስፈረም ውሳኔ ላይ ተጽዕኖ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ የምትገኘው ኮምቦልቻ ግን በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የአገሪቱ ሊጎች በአብዛኛው በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው የሚካሄዱ በመሆኑ፣ ቡድኖች በቀናት ልዩነት ደጋግመው በሞቃት ሜዳ ላይ ይጫወታሉ። ደጋ ላይ ብቻ የተዘጋጀ ቡድን ትንፋሹ ጥሩ ቢሆንም ለድሬዳዋ ዓይነት ሙቀት አይዘጋጅም። ስለዚህ የነሐሴና የመስከረም ዝግጅት በደሴ ተጀምሮ በኮምቦልቻ ቢጠናቀቅ፣ ሁለቱ ክለቦች በመካከላቸው ካለው የጎረቤት ፉክክር ጋር ሜዳ ተዋውሰው ቢሠሩ፣ በአንዲት አጭር የመኪና ጉዞ ሌሎች ክለቦች በብዙ ወጪ የሚፈልጉትን ያገኛሉ። የምልመላ መስፈርቱም ከዚህ ይነሣል፤ በየአራትና በየአምስት ቀኑ መጫወት የሚችል፣ ጉዳት የማያበዛ አማካይ አልፎ አልፎ ከሚያስደንቅ ግን በየወሩ ከሚታመም ኮከብ ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ሲያበቃ የማስፈረሚያው ገንዘብ በሙሉ በክረምት መውጣት የለበትም። የዝውውር መስኮት፣ ማለትም ተጫዋች እንዲመዘገብ የሚፈቀድበት ጊዜ፣ በዓመት ሁለት ሲሆን ሁለተኛው በውድድሩ አጋማሽ ላይ ይከፈታል፤ በዚያን ጊዜ የቡድኑ እውነተኛ ክፍተት በአሥራ አምስት ጨዋታ ውስጥ ታይቷል፣ በትልልቅ ክለቦች ተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጡ ወጣቶችም በውሰት ለመምጣት ፈቃደኛ ይሆናሉ። ከዓመቱ የማስፈረሚያ በጀት አምስተኛው ያህል ለዚያ ጊዜ ተለይቶ በሌላ ሒሳብ ቢቀመጥና ከኮሚቴው ፊርማ ውጭ እንዳይንቀሳቀስ ቢደረግ፣ በጥር ወር አጥቂው ሲጎዳ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ የከተማውን አስተዳደር ደጅ መጥናት አይኖርበትም።