የንባብ መጻሕፍት ምርጫና ሚዛኑ
(በአምቦና በአካባቢው ከተሞች ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች)

ለተማሪዎች ተጨማሪ ንባብ የሚሆኑ መጻሕፍት ሲመረጡ ዘወትር ቅድሚያ የሚሰጠው ለረጅም ልብ ወለድ ነው። የሕይወት ታሪክና ስለ ኑሮ የተጻፈ ሐተታ ግን «ደረቅ ነው» እየተባለ ወደ ጎን ይተዋል። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪና በባኮ ለሚያስተምሩ መምህራን የሚበጀው ዝርዝር ሁለቱን አጎዳኝቶ የያዘ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው አብነት የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራዎች ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ተደርጎ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡበትና ጉዱ ካሣ ልማድን የሚሞግትበት ክፍል ተገቢውን ትኩረት ያጣል። በ1985 ዓ.ም. የታተመው «ትዝታ» ደግሞ ደራሲው የኢጣልያን ወረራ ለመከላከል የዘመቱበትንና በምርኮ ወደ ኢጣልያ የተወሰዱበትን ዘመን ያስታውሳል። ተማሪው ሁለቱን አከታትሎ ሲያነብ አንድ ብዕር የፈጠረውንና የመሰከረውን ለይቶ መመዘን ይለምዳል። ይሁን እንጂ ልብ ወለዱ ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ፣ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማር ተማሪ በተመረጡ ምዕራፎች ቢቀርብ ይሻላል። የገበሬዎቹን ምዕራፎች ለማብራራትም በ1916 ዓ.ም. የታተመው የገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይረዳል፤ የአገር ሀብት ከሥራና ከዕውቀት እንደሚመነጭ የሚከራከር ሐተታ ነውና። አጻጻፉ ግን ከባድ በመሆኑ የመምህሩን እገዛ ይጠይቃል።

የጸጋዬ ገብረ መድኅን «እሳት ወይ አበባ» (1966 ዓ.ም.) ከዝርዝሩ ሊጎድል አይገባም። ገጣሚው በ1928 ዓ.ም. አምቦ አጠገብ ቦዳ በተባለው ስፍራ ከኦሮሞ አባትና ከአማራ እናት ተወለዱ። ነገር ግን የአገር ልጅነታቸውን በኩራት ማውሳት መጽሐፉን ማንበብን አይተካም። የግጥሞቹ ቃላት የታመቁ ስለሆኑ በዝምታ ከመነበብ ይልቅ ድምፅ ተሰጥቷቸው ቢነበቡና መስመር በመስመር ውይይት ቢደረግባቸው ፍሬ ያፈራሉ።

ከሁሉ የሚከፋው ጉድለት ዝርዝሩ በአማርኛ መጻሕፍት ብቻ ሲወሰን ነው። የአካባቢው አብዛኛው ተማሪ አፍ የፈታው በኦሮምኛ ነው። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1894 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የኦሮምኛ መማሪያ ከሕዝብ አፍ የተሰበሰቡ ተረቶችንና ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ይዟል። የታተመው በግዕዝ ፊደል ስለሆነ ጥቂቱን ወደ ቁቤ መልሶ ማቅረብ ለመምህሩ መልካም ሥራ ነው። ተማሪው የአያቱ ተረት ከመቶ ዓመታት በፊት በመጽሐፍ መስፈሩን ሲያይ፣ ንባብ ከሌላ ቤት የመጣ እንግዳ አለመሆኑን ይረዳል።

እንግዲህ ለዕቅድ አውጪዎች የሚቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አርባ ርእሶችን በአንድ በአንድ ቅጂ ከመደርደር ይልቅ፣ አምስት መጻሕፍትን ክፍሉ በአንድነት ሊያነባቸው በሚችልበት ብዛት ማቅረብ ይመረጣል። የዝርዝሩም መመዘኛ የርእሶቹ ቁጥር ሳይሆን፣ አንዱ መጽሐፍ በሌላው ላይ የሚያስነሣው ጥያቄ ሊሆን ይገባል።