ተሸካሚውን የሚያይ ተመልካች

የሰርከስ አሠልጣኝ ነኝ፤ ልጆቹን የማለማምደው መርካቶ፣ ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ነው። ዕቃችን ከገበያው የተለቃቀመ ነው፦ ፍራሻችን ጆንያ ውስጥ የተሰፋ የስፖንጅ ቁርጥራጭ፣ ልጆቹ የሚሾልኩበት ቀለበት ምን አለሽ ተራ የተበየደ ቱቦ፣ ጀማሪዎች የሚቀልቡት ኳስ ካልሲ ውስጥ የተቋጠረ ማሽላ። መርካቶ ዕቃ አያሳጣም፤ ተመልካችም አያሳጣም። ግን የመርካቶ ተመልካች በዋዛ የሚደለል አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሲከራከር፣ የጨርቅ ጫፍ ሲያሽ፣ ሚዛን ሲጠራጠር የዋለ ሰው ማታ ትርኢት ሊያይ ሲመጣም ያንኑ ዐይኑን ይዞ ይመጣል።

ይህን ዐይን በደንብ ያስተዋልኩት ፊልም ባሳየንበት ምሽት ነው። ፊልሙ «ሰርክ ዱ ሶሌይ፦ ወርልድስ አዌይ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ አንድሩ አዳምሰን ያዘጋጀው፣ የ«ታይታኒክ»ና የ«አቫታር» ሰው ጄምስ ካሜሮንም በፕሮዲውሰርነት የገባበት ነው። በስሪዲ መነጽር እንዲታይ የተሠራ ቢሆንም እኛ ያየነው ግድግዳ ላይ በተወጠረ አቡጀዴ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ሚያ የምትባል ወጣት ከአንድ ተራ ተዘዋዋሪ ሰርከስ ትገባለች፤ አየር ላይ የሚሠራ ጎረምሳ ታያለች፤ እሱም ያያታል። ሐሳቡ ወደ እሷ ሲሄድ መያዣውን ይስትና ይወድቃል፣ መሬቱም ይውጠዋል። እሷም አብራ ትሰምጣለች። ከዚያ ወዲያ ያለው በሌላ ዓለም ውስጥ ከድንኳን ድንኳን እየዞሩ መፈላለግ ነው። ድንኳኖቹ ውስጥ ያለው ደግሞ ኩባንያው ላስ ቬጋስ ላይ በየሆቴሉ ሲያሳያቸው የኖሩት ትርኢቶች ናቸው።

ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። ይህ ለኛ ሰፈር እንግዳ ነገር ነው፤ አንድ ሰው የሴቱንም የወንዱንም የሽማግሌውንም ድምፅ ሆኖ በአማርኛ በሚተርከው የትርጉም ፊልም ያደገ ሰፈር ነዋ! ተራኪ ሲጠፋ አዳራሹ የራሱን ተራኪ ሾመ። ከኋላ ወንበር ያለ አንድ ቀልደኛ ሚያ አፏን በከፈተች ቁጥር «ወንድሜ፣ አንድ ረጅም ልጅ በዚህ አላለፈም?» እያለ ጎረምሳውን ያፈላልግላት ጀመር። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ያለ እሱ መሀሉን መግፋት ይከብድ እንደነበር አልደብቅም። ፊልሙ ታሪክ ላይ ሰነፍ ነው።

ለዐይን ግን ምንም አልጎደለበትም። «በስመ አብ» የሚለውና «ሱብሓነላህ» የሚለው ጎን ለጎን ተቀምጠው እኩል አፋቸውን ያዙ። «ኦ» ከተባለው ትርኢት የተወሰደው የውሃ መድረክ ሲመጣ፣ ወደ 5.7 ሚሊዮን ሊትር የሚይዝ ገንዳ መሆኑን ነገርኳቸው። አንዲት እናት «ይኼ ሁሉ ውሃ ለጨዋታ!» አሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የፊልም ሂስ ነው።

ድንኳን በድንኳን ላይ ሲደረብ ግን የአድናቆቱ ድምፅ እየሳሳ ሄደ። «ካ» ከተባለው ትርኢት የመጣው ክፍል ላይ መድረኩ ራሱ ቀስ ብሎ ይነሣና እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ተፋላሚዎቹም ግድግዳው ላይ ወደ ጎን ይሮጣሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ይወድቃሉ። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ትንፋሼን እይዛለሁ። በአዳራሹ የሰማሁት ግን «ቅንብር ነው» የሚል ድምፅ ነው። ሌላውም «ኮምፒውተር ነው» ብሎ ደገመ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ፊልሙን ያየው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ነው፤ አምሮታል፣ ግን አልፈራለትም።

ቅንብር አይደለም። መድረኩ በእውነት የሚነሣና የሚያጋድል ከባድ ማሽን ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚሮጡትም ወገባቸው ላይ በታሰረ ገመድ የተያዙ ሰዎች ናቸው። ሚያን ሆና የምትጫወተው ኤሪካ ሊንዝ ራሷ በ«ካ» ውስጥ የሠራች አክሮባት ናት። መብራት አብርቼ ይህን ባስረዳም የሚያምነኝ አላገኘሁም። ድሮ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረውን ፊልም ቤት የከተማው ሰው «ሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። አያቶቻችን ላልገባቸው ነገር ሰይጣንን ጠሩ፤ እኛ ኮምፒውተርን እንጠራለን። ልዩነቱ እነሱ መደንገጣቸው ነው።

ልጆቹን ካሰናበትኩ በኋላ በሐሳቤ ሲመላለስ የነበረው ይህ ነበር፦ እውነተኛ ሥራ እንዴት ሐሰት ይመስላል? በእኔ ሙያ የሚሰጠው መልስ ካሜራው ሁለት ነገር ወሰደብን የሚል ነው፤ መጠበቅንና መሳትን።

መጠበቅ ስል ከሥራው በፊት ያለውን ጊዜ ማለቴ ነው። መድረክ ላይ ልጁ እጁን ዱቄት ይቀባል፣ ገመዱን ይፈትሻል፣ ከታች ያለውን ጓደኛውን ያያል፣ «ሆፕ» እስኪባል ይቆማል። ተመልካቹ በዚያች ጊዜ ከፍታውን በዐይኑ ይለካል፣ ወለሉን ያያል፣ «ቢስትስ?» ይላል። ዝላዩ ራሱ ሁለት ሰከንድ አይሞላም፤ የሚከብደው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ፊልሙ ይህን ቆርጦ ጣለው። ሰውየው አየር ላይ ሆኖ እናገኘዋለን፤ እንዴት እንደወጣ አላየንም።

መሳት ደግሞ የሙያው ጥንታዊ ብልሃት ነው። አዋቂ ኳስ ቀላቢ ከባዱ ሥራ ላይ ሲደርስ አንዴ ሆን ብሎ ይስታል። ኳሱ ይወድቃል፣ ሰዉ «ውይ» ይላል፣ ይነሣል፣ ይደግማል፣ ይይዛል። ጭብጨባው ሳይስት ቢይዘው ከሚያገኘው እጥፍ ነው። ይህን ለሠልጣኞች ሳስተምር መጀመሪያ ማታለል ይመስላቸዋል። ለእኔ ግን ተመልካቹን የሥራው ሸሪክ ማድረጊያ ነው፤ አለመሳት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በሌላ መንገድ ልትነግረው አትችልም። ፊልም ላይ የሳተው ቀረጻ ተጥሎ የተያዘው ብቻ ይቀራል። ከመጀመሪያው ውድቀት በቀር፣ ያም መሬት ተከፍቶ የሚውጥበት ነውና ውድቀት አይባልም፣ በዚያ ዓለም ማንም አይስትም። አዳራሹም በአንድ ድምፅ ጮኸ ሊባል የሚችለው እዚያች ውድቀት ላይ ብቻ ነው።

ነገሩ የካሜራ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በጁን 2013፣ ፊልሙ በወጣ በመንፈቁ፣ ሣራ ጊያር የምትባል የ31 ዓመት ፈረንሳዊት አክሮባት በዚያው በ«ካ» ትርኢት፣ በዚያው የቆመ ግድግዳ ላይ በሚደረገው ፍልሚያ መሀል የያዛት የብረት ገመድ ተቆርጦ ከ25 ሜትር በላይ ወድቃ ሞተች። የሁለት ልጆች እናት ነበረች። በቦታው የነበሩ ተመልካቾች በኋላ እንደተናገሩት ብዙዎቹ መጀመሪያ የመሰላቸው የትርኢቱ አካል ነው። ላስ ቬጋስ ላይ፣ ካሜራ በሌለበት፣ በሥጋ ፊት ለፊት ተቀምጠው! ድምቀቱ ከሥራው ሲበልጥ ተመልካች ሞትን እንኳ ከጌጥ መለየት ያቅተዋል። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዱ ገመዳችንን ሊፈትሽ ተነሣ።

ከፊልሙ በኋላ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁለቱ ከእኔ ጋር ቀርተዋል። አንዱ የአንድ ሸማ ነጋዴ ነው። እኚህ ነጋዴ በልጅነታቸው የሕንድ ፊልም ሳያመልጣቸው ያደጉ ሰው ናቸው፤ «ከዚህስ የራጅ ካፑር ጆከር ይሻላል» አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣውን «ሜራ ናም ጆከር»ን ማለታቸው ነው፤ ወደ አራት ሰዓት የሚሄድ፣ ሲወጣ ለሠሪው ኪሳራ ያስከተለ የሰርከስ ፊልም። የፊልሙ ቀልደኛ አባት በትራፒዝ ወድቆ የሞተ ነው፤ እናቱም ልጇን ከፍ ብሎ ስታይ ትሞታለች፤ እሱ ግን ወጥቶ ማሳቅ አለበት። ነጋዴው ያንን አስታውሰው «እዚያ ላይ እኮ ሰውየው ይወድቅ ይሆን ብዬ ተጨንቄአለሁ» አሉ። በመብራትና በውሃ የ«ሰርክ ዱ ሶሌይ» ሩቡን የማይደርስ ፊልም በጭንቀት በለጠው፤ ለምን ቢባል መውደቅ ያለበት ዓለም ነው።

ሁለተኛው ከእህል በረንዳ የመጣ አንድ ተሸካሚ ነው። ሰዉ ሁሉ ላይ የሚበርረውን ሲያይ እሱ ያየው ታች ያለውን ነበር። «ጋሼ፣ ታች ያለው ሰውዬ አይተነፍስም እንዴ?» አለኝ። ኩንታል ጤፍ ከመኪና ወደ መጋዘን ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ ጭነት የሚነሣው በትንፋሽ መሆኑን ያውቃል። ፊልሙ ላይ ታች ያለው ጭምብል አጥልቋል፤ ደረቱ በልብስ ተሸፍኗል፤ ካሜራውም ቶሎ ወደ ላይ ይወጣል። ተሸካሚው ሸክሙን ቢፈልግ አጣው፤ ሸክም ከሌለ ደግሞ ለእሱ ሥራ የለም።

ይህ ሰው ከዚያ ወዲህ ልምምዳችንን እየመጣ ያያል፤ ሁለት ሰው በሚቆምበት ሥራ ላይ ከእኔ የሚሻልበት ጊዜም አለ። ላይ የሚወጣው ልጅ ትከሻ ጫፍ ላይ ከቆመ ሁለቱም ይወድቃሉ፤ እግሩን ወደ አንገት ማስጠጋት፣ ተረከዞቹን ከታችኛው ማጅራት ኋላ መግጠም፣ ቅልጥሙን ጭንቅላቱ ላይ ማጣበቅ አለበት። ይህን እኔ አስተምራለሁ። ታችኛው ጉልበቱን ሲያደርቅ፣ ትንፋሹን ያለቦታው ሲይዝ ግን ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው፦ «ልቀቀው! ልቀቀውና ተነሥ!»

የኢትዮጵያ ሰርከስ የተነሣው በዚህ ዐይነቱ ዐይን ፊት ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ሕፃናቱ የሚሠሩት ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ ክንድ በሚያህል ርቀት ቆሞ ነበር። ጭስ የለም፤ መጋረጃ የለም። ላቡ ይታያል፤ የታችኛው እግር ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ዛሬ የኛ አክሮባቶች በውጭው መድረክ በተለይ የታወቁበት ሥራ፣ አንዱ በጀርባው ተኝቶ ሌላውን በእግሩ እየወረወረ የሚያገላብጥበት፣ ከሥር ያለው ሰው የማይደበቅበት ሥራ ነው። ከጅማ የተነሡት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ያቋቋሙት ሰርከስ አቢሲንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ኤዲንብራ ላይ «ኢትዮጵያን ድሪምስ»ን ሲያሳይም ዋናው ሀብቱ ሰው በሰው ላይ ነበር።

ልጆቹ ግን ፊልሙን አይተው ሌላ ነገር ነው የተመኙት፦ ጭስ፣ ሐምራዊ መብራት፣ ጭምብል። ከመካከላቸው በዕድሜ የምትበልጠው ሠልጣኝ ፊት ለፊት ተከራከረችኝ። «ጋሼ፣ አንተ የምትለውን የሚያየው ተሸካሚው ብቻ ነው። ቲኬት የሚገዛው ሌላው ነው» አለችኝ። ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች ማለት አልችልም፤ ዱባይ ተራ ያለው ባለሱቅ ልጁን ይዞ የሚመጣው የታችኛውን ትንፋሽ ሊቆጥር አይደለም። ያን ምሽትም እጅግ የደነገጡት፣ ፊልሙን በሕልማቸው ያዩት ሕፃናት ናቸው፤ የዚያ ዐይነት ድንጋጤ ከሌለ ነገ ማን ሊሠለጥን ይመጣል?

ተስማምተን የደረስንበት ይህ ነው። መክፈቻው ላይ ጭሱንና ባለቀለም መብራቱን ፈቅጃለሁ። ጭምብል የለም። ፒራሚዱ የሚሠራው በነጭ መብራት ነው፤ የታችኞቹ ልብስ ደረታቸውን አይሸፍንም፤ ላይኛዋ ከመውጣቷ በፊት ከበሮው ይቆማል። ከዚያ በፊት ደግሞ ከተመልካቹ አንድ ሰው ጠርተን የሚሾልኩበትን ቀለበት በእጁ እንዲያናውጠው እንሰጠዋለን፤ መርካቶ ውስጥ ሳይነካ የሚገዛ የለምና። ኳስ የምትቀልበው ልጅ ሆን ብላ የምትስትበትን ቦታ ግን ገና አልወሰንንም፤ እሷ ሦስተኛው ዙር ላይ ትላለች፣ እኔ ከአራተኛው በፊት ሰዉ አልተጨነቀም እላለሁ።