ሁለት ካርዶች ሲጣሉ ማን ይዳኛል?

በዚህ ዕትም የምንመለከተው ልብ ወለድ ወይም የግጥም መድበል ሳይሆን የአንድ ጨዋታ ደንብ ነው። ደንብም የሰው ድርሰት ነውና ሊመዘን ይገባል።

ምክንያቴን ላስቀድም። ባለፈው ክረምት ከኅብረታችን ወጣቶች ከአንዱ ጋር «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለውን የካርድ ጨዋታ ስንጫወት፣ «ላይትኒንግ ቦልት» የሚባለውን ካርድ በድቡ ላይ አወጣሁ። ካርዱ 3 ጉዳት ያደርሳል፤ የድቡ ጉልበት 2፣ ጽናቱም 2 ነው። ልጁ ወዲያው «ጃያንት ግሮውዝ» አወጣ፤ ይህ ደግሞ ለዚያ ተራ በጉልበቱም በጽናቱም ላይ 3 ይጨምራል።

«እኔ ቀድሜያለሁ፤ ድቡ ሞቷል» አልሁ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የሚሠራው የኋለኛው ነው» አለ በቀስታ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ተከራከርሁ። ልጁ ዝም ብሎ ድቡን ከጠረጴዛው አነሣ። ቤቴ ገብቼ ደንቡን ሳነብ ግን ትክክለኛው እሱ ነበር።

ጨዋታውን የፈጠረው አሜሪካዊው የሒሳብ ምሁር ሪቻርድ ጋርፊልድ ሲሆን፣ የወጣውም በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። ካርታ ሲባል ቁማር የሚታያችሁ ትኖራላችሁ፤ ይህ ግን ሁለት ሰዎች በ20 የሕይወት ነጥብ ጀምረው በስልት የሚፋለሙበት ነው። ስሙ «ምትሃት» ማለት መሆኑንና አንዳንድ ሥዕሎቹም የሚከብዱ መሆናቸውን አልሸሽግም፤ ስለዚያ ከወላጆቻችሁና ከመሪዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩ። እኔ የምመዝነው ዳኝነቱን ነው። ከ20,000 የሚበልጡ ልዩ ልዩ ካርዶች አሉት፤ እያንዳንዱም የራሱን ትእዛዝ ይዞ ስለሚመጣ መጋጨታቸው አይቀርም።

የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፦ ካርዱ ከአጠቃላዩ ደንብ ጋር ከተጋጨ ካርዱ ያሸንፋል። ሁለተኛው ደግሞ፣ አንዱ ካርድ «ይቻላል»፣ ሌላው «አይቻልም» ካለ የሚጸናው «አይቻልም» ነው። «ፕላቲነም ኤንጅል» የተባለችው ካርድ ባለቤቷ እንዳይሸነፍ፣ ተቃዋሚውም እንዳያሸንፍ ትከለክላለች። ተቃዋሚው «አሸንፈሃል» የሚል ካርድ ቢያወጣ እንኳ እርሷ እስካለች ድረስ አያሸንፍም። መንገዱ አስቀድሞ እርሷን ማስወገድ ነው።

ሦስተኛው የእኔና የልጁ ጉዳይ ነው። የወጡት ካርዶች ወዲያው አይሠሩም፤ ሞሰብ ላይ እንደተደራረበ እንጀራ ይከመራሉ፤ ከላይ ያለውም ቀድሞ ይነሣል። ስለዚህ ድቡ መጀመሪያ 5 ለ 5 ይሆናል፤ ከዚያ 3 ጉዳት ቢደርስበት አይሞትም። ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ እኔ ለእሱ ካርድ በምላሹ ብመታው ኖሮ ግን ድቡ ሳያድግ በሞተ ነበር። ይህ ደንብ ውብ ነው፤ ለተነካው ሰው የመመለስ ዕድል ይሰጠዋል። የሚጠይቀው የካርዶቹን ተራ እንጂ የተጫዋቹን ዕድሜ ወይም የድምፁን ከፍታ አይደለም።

ድካሙስ? ጠረጴዛ ላይ ቆይተው የሚሠሩ ካርዶች ሲጋጩ ይታያል። «ሂዩሚሊቲ» ማለትም «ትሕትና» የሚባል ካርድ ፍጡራንን ሁሉ ችሎታ አሳጥቶ 1 ለ 1 ያደርጋቸዋል። «ግሎሪየስ አንተም» ደግሞ ለባለቤቱ ፍጡራን በሁለቱም ላይ 1 ይጨምራል። ማንኛውም ቢቀድም እነዚህ ፍጡራን 2 ለ 2 ናቸው፤ መጠን የሚወስነው ካርድ አስቀድሞ፣ የሚጨምረው ቀጥሎ ይሰላልና። እዚህ ማን መጀመሪያ ወጣ ተብሎ አይጠየቅም። ዳኝነቱ ምክንያታዊ ነው፤ ነገር ግን ከሁለቱ ካርዶች በአንዱም ላይ አልተጻፈም። የተጻፈው ከ200 ገጽ በሚበልጥ የደንብ መጽሐፍ ውስጥ ነው። በትልልቅ ውድድሮች ዳኛ አለ፤ እኛ የምንጫወትበት ጠረጴዛ ላይ ግን የለም። ደንቡ በማይታይበት ቦታ ደግሞ ዳኛ የሚሆነው ታላቁ ወይም ጯኺው ነው። በዚያ ቀን እኔ ሁለቱንም ነበርሁ።

ስለዚህ ጨዋታውን ሳመሰግነው እንዲህ እላችኋለሁ፦ ካርዱን ሁለታችሁም እንድትሰሙት ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ካልተስማማችሁ ጨዋታውን አቁማችሁ ደንቡን አብራችሁ ፈልጉ። ያላነበባችሁትን ደንብ በዕድሜያችሁ አትተኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት በጓደኞቹ ፊት «ተሳስቼ ነበር፤ ይቅርታ» አልሁት። ፈገግ ብሎ «እንግዲያው ድቤን ይመልሱልኛ፣ ጋሼ» አለኝ። እናንተስ ትክክል ሆኖ ሳለ ዝም ያሰኛችሁት ሰው አለ?