«መለያ» ወይስ «ስያሜ»? በስሪት መቆጣጠሪያ ቃላት አተረጓጎም ላይ የቀረበ አስተያየት

የኮምፒዩተር ሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ እየሰፋ ሲሄድ፣ ለየብቻ ሲታዩ ትክክል የሚመስሉ፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሲገናኙ ግን እርስ በርስ የሚጋጩ አቻ ቃላት በዝተዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱን፣ ይኸውም «ታግ» ለሚለው ቃል «መለያ» የሚል አቻ መሰጠቱን እንመረምራለን። መነሻ የሆነን ለአስተያየት የቀረበልን፣ የጊትን አጠቃቀም የሚያስተምር አንድ የትርጉም ረቂቅ ነው። የረቂቁ አማርኛ በአጠቃላይ የጠራና ያለ ችግር የሚነበብ መሆኑን አስቀድመን ልንመሰክር እንወዳለን። ነቀፌታችን በአንድ ቃል ላይ ብቻ ነው፤ ጉዳቱ ግን በአንድ ቃል ላይ አይቆምም።

ቃሉን ከመመዘን በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። ጊት የሊኑክስን ከርነል ሥራ ለማስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 በሊነስ ቶርቫልድስ የተጀመረ የስሪት መቆጣጠሪያ ሥርዓት ነው። በፕሮግራሙ ጽሑፍ ላይ የተደረገ ለውጥ በተመዘገበ ቁጥር፣ ሥርዓቱ የዚያን ጊዜውን ይዞታ በማከማቻው ያኖራል። ለእያንዳንዱም ምዝገባ ከይዘቱ ተሰልቶ የሚገኝ፣ በተለመደው አሠራር 40 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሃሽ የሚባል ኮድ ይኖረዋል። ከይዘቱ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ኮዱም ሌላ ይሆናል። ይህን ያህል ረጅም ኮድ በቃል መያዝ ስለማይቻል፣ ለተጠቃሚ የሚወጣው ስሪት «ቪ2.6.12» እንደሚለው ያለ አጭር ስም ይሰጠዋል፤ ታግ የሚባለውም ይኸው ነው። ቅርንጫፍ ከእያንዳንዱ አዲስ ምዝገባ ጋር ወደ ፊት ሲራመድ፣ ታግ በተሰጠው ምዝገባ ላይ ይቆያል። ይቆያል ማለት ግን ከቶ አይነቃነቅም ማለት አይደለም፤ በማከማቻው ላይ ሥልጣን ያለው ሰው ከአንዱ ምዝገባ አንሥቶ ለሌላው ሊሰጠው ይችላል።

ረቂቁ ሃሽንም ታግንም «መለያ» ይላቸዋል። ስለ ሃሽ በሚናገርበት ክፍል «መለያው ከይዘቱ የሚመነጭ ስለሆነ ሊለወጥ አይችልም» የሚል ዐረፍተ ነገር እናገኛለን። ከጥቂት ገጾች በኋላ ደግሞ ስለ ታግ ሲያስረዳ «የተፈለገውን ስሪት ለማግኘት መለያውን ይጥቀሱ» ይላል። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች በየቦታቸው እውነት ናቸው። ነገር ግን አንባቢው ሁለቱን ሲያገናኛቸው ታግም እንደ ሃሽ የማይለወጥ ነው ወደሚል የሐሰት ድምዳሜ ይደርሳል። ስሕተቱ የአንባቢው አይደለም፤ ሁለት ነገር በአንድ ቃል የጠራው ተርጓሚ ነው ያሳሳተው።

ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አለመሆኑን እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የደረሰው ሁኔታ ያስረዳል። በጊትሃብ ላይ ከ23,000 በላይ ማከማቻዎች ይገለገሉበት የነበረው «ቲጄ አክሽንስ ቼንጅድ ፋይልስ» የተባለ መሣሪያ በአጥቂዎች እጅ ወደቀ። አጥቂዎቹ የቀድሞዎቹን ስሪቶች ታጎች አንሥተው የምሥጢር ቃላትን ወደሚያጋልጥ ምዝገባ አዞሯቸው። መሣሪያውን በታግ ይጠሩ የነበሩ ሰዎች በሚያውቁት ስም የማያውቁትን ነገር ተቀበሉ። ቀደም ብለው የታመነውን ምዝገባ ሙሉ ሃሽ ጠቅሰው የነበሩት ግን ከጉዳቱ ዳኑ። እንግዲህ ለሁለቱ አንድ ቃል የሚሰጥ መጽሐፍ፣ ይህን ምክር ለአማርኛ አንባቢ እንዴት ሊያስተላልፍለት ይችላል? «በመለያ ሳይሆን በመለያ ይጥቀሱ» ሊል ነውን?

ችግሩ ከሥርወ ቃሉም ይነሣል። «መለያ» ከ«ለየ» የወጣ የመሣሪያ ስም ሲሆን፣ አንዱ ነገር ከሌላው የሚለይበትን ያመለክታል። ይህ ለሃሽ በትክክል ይስማማዋል። ከዚያው ሥር የሚወጣው «ልዩነት» ደግሞ በሁለት ምዝገባዎች መካከል ያለውን ለውጥ ለመጥራት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሥሩ ያለ ታግም በቂ ሸክም አለበት።

ሌሎች አማራጮችንም መርምረናል። «ምልክት» እጅግ ሰፊ ነው። «ማኅተም» ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም ለሁሉም ዓይነት አይሆንም። በጊት አንዱ ዓይነት ታግ ወደ ምዝገባው የሚያመለክት ባዶ ስም ብቻ ነው። ሌላው ግን የሰጪውን ስም፣ ቀኑንና ማብራሪያውን ይይዛል፤ ሲፈለግም በዲጂታል ፊርማ ይረጋገጣል። ማኅተም ቢባል ለተፈረመው ይስማማ ይሆናል፤ ባዶውን ስም ግን የሌለውን ዋስትና ያለብሰዋል።

በእኛ አስተያየት ለታግ የሚስማማው ቃል «ስያሜ» ነው። ስያሜ ከነገሩ ባሕርይ የሚመነጭ ሳይሆን በሰው የሚሰጥ ነው፤ የተሰጠ ደግሞ ሊነሣ ይችላል። ርባታውም ምቹ ነው፤ ድርጊቱ «መሰየም»፣ አድራጊው «ሰያሚ»፣ ስሪቱ «የተሰየመ ስሪት» ይሆናል። ዓይነቶቹም «ተራ ስያሜ»፣ «ባለማብራሪያ ስያሜ» እና «ባለፊርማ ስያሜ» ሊባሉ ይችላሉ። ታግ የማውጫ ቅጂ በሆነበት፣ ቅጂውም እንዳይነካ የሚጠብቀው በአብዛኛው ልማድ ብቻ በሆነበት በሰብቨርዥንም ቃሉ ያገለግላል።

«ስያሜ» ለ«ስም» በጣም ይቀርባል፣ በሥነ ቃላትም ሌላ አገልግሎት አለው የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ እንደሚችል እናውቃለን። ተቃውሞው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የፋይልና የቅርንጫፍ መጠሪያ «ስም» ተብሎ ቢቀር፣ «ስያሜ» ለታግ ብቻ ቢጠበቅ፣ ዐውዱ ራሱ ይለያቸዋል። ቢደባለቁ እንኳ አንባቢው ሊለወጥ የሚችለውን የማይለወጥ ነው ብሎ አያምንም።

ስለሆነም ረቂቁ ከመታተሙ በፊት «መለያ» የሚለው ቃል በገባበት ሁሉ ሃሽን ይሁን ታግን የሚያመለክት መሆኑ እየተመረመረ እንዲታረም እናሳስባለን። ተርጓሚዎችም አንድ አቻ ቃል ሲመርጡ፣ ከጎኑ የሚቆሙትን ቃላት አብረው እንዲመዝኑ አደራ እንላለን።